ጁሊዮ ቢዞዜሮ፦ የፕላትሌትን ሥራ የገለጡ ሐኪም

ጁሊዮ ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1846 በሰሜን ጣሊያን፣ በቫሬዜ ከተማ ተወለዱ። በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው በ1866 ገና በ20 ዓመታቸው ተመረቁ። ከሁለት ዓመት በኋላም ቀይ የደም ሕዋሳት በአጥንት መቅኔ ውስጥ እንደሚፈጠሩ ካስታወቁት የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች አንዱ ሆኑ። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው በቶሪኖ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰርነት ተሾሙ።

በደም ውስጥ የሚገኙትን ጥቃቅን የፕላትሌት አካላት ከእርሳቸው በፊት ያዩ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሥራቸው ግን በውል አልታወቀም ነበር። ቢዞዜሮ በሕያዋን እንስሳት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የሚዘዋወረውን ደም በማይክሮስኮፕ ተከታተሉ። የደም ሥር ሲጎዳ ፕላትሌቶች ከተጎዳው ስፍራ ላይ ተጣብቀው፣ እርስ በርሳቸውም ተያይዘው ቀዳዳውን ሲደፍኑ ተመለከቱ። በ1882 ባሳተሙት ጥናትም ፕላትሌት ከቀይና ከነጭ የደም ሕዋሳት የተለየ መሆኑን አስረዱ።

በኋላ ዓይናቸው ታምሞ ከማይክሮስኮፕ ሲርቁ ትኩረታቸውን ወደ ኅብረተሰብ ጤና አጠባበቅ አዞሩ። በ1890 የሀገራቸው ሴኔት አባል ሆኑ፤ በ1901 በ55 ዓመታቸው በቶሪኖ አረፉ።

የእርሳቸው ግኝት ለዛሬው ምርመራ መሠረት ነው። የተለመደው የደም ቆጠራ የፕላትሌትን ብዛት ይናገራል፤ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ግን ፕላትሌቱ ሥራውን ላይሠራ ይችላል። ፍሎው ሳይቶሜትሪ የተባለው ዘዴ ብርሃን ሰጪ ቀለም የተያያዘባቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ከጥቂት ደም ጋር በማዋሐድ፣ ፕላትሌቶቹን አንድ በአንድ በሌዘር ጨረር ፊት ያሳልፋል። በዚህም ለመጣበቅ የሚያስፈልጓቸው ፕሮቲኖች በገጻቸው ላይ መኖራቸውንና ሲቀሰቀሱ ምላሽ መስጠታቸውን ይለያል። የፕላትሌት ቁጥር ዝቅ ባለበት ጊዜም ሊያገለግል ይችላል።

ጉዳዩ ለሐሙሲት፣ ለወረታና ለፎገራ ሜዳ ነዋሪዎች ሩቅ አይደለም። ወባ የፕላትሌትን ቁጥር ይቀንሳል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች በወረርሽኝ መልክ የታየው ካላዛርም እንዲሁ። ስለሆነም የአፍንጫ ወይም የድድ መድማት የሚደጋገምበት፣ ያለ ምክንያት ሰውነቱ የሚበልዝ ወይም የወር አበባዋ ከልክ በላይ የሚበዛ ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። የደም ቆጠራው ደህና ሆኖ መድማቱ ከቀጠለም፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር መኖሩንና እንደ አስፕሪን ያሉ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። የታዘዘ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ግን አይገባም። የፕላትሌት ሥራ ምርመራ ልዩ መሣሪያና ባለሙያ ስለሚጠይቅ የሚከናወነው በሐኪም ትእዛዝና በሪፈር ነው።