የአስቴር ጋኖ ታሪክ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ብዙ ሕፃናት ዛሬ ማንበብን የሚጀምሩት በኦሮሞ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ለጀማሪ ተማሪዎች ከተዘጋጁት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ የታተመው ግን ከእነዚህ ከተሞች እጅግ ርቆ፣ በቀይ ባሕር ዳር ነበረ። ተረቱንና እንቆቅልሹን ለዚያ መጽሐፍ የጻፈችው ከባርነት የወጣች አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟም አስቴር ጋኖ ይባላል።

አስቴር በ1872 ዓ.ም. ገደማ ተወለደች። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስትወለድ ነጻ ነበረች፤ በኋላ ግን በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ወድቃ ባሪያ ሆነች። ሊሙ እናርያ በምዕራብ፣ በጊቤ አገር የነበረ የኦሮሞ መንግሥት ነው። በ1886 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት በጀልባ ሲወስዷት የኢጣልያ መርከቦች ጀልባውን ያዙ፤ እርስዋም ነጻ ወጣች። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ፣ በእምኩሉ ወደ ነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። ከአገርዋ ያመጣችው ሀብት ቋንቋዋ ብቻ ነበረ።

በዚያ ዘመን ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ ይተረጕም ነበር። የሕፃንነት ስሙ ሂካ ነው፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። እርሱም እንደ አስቴር በልጅነቱ ተሸጦ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጥቶ ነበር። በስዊድን አገርም ተምሮአል። ነገር ግን ከወገኑ የተለየው ገና ትንሽ ሳለ ስለ ሆነ፣ ሽማግሌዎች የሚመስሉትን ምሳሌና እናቶች በማታ የሚያወሩትን ተረት ጠግቦ አልሰማም። የጎደለው በአስቴር ዘንድ ተገኘ።

ኦኔሲሞስ ችሎታዋን አይቶ የኦሮሞ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ አደረጋት። በ1893 ዓ.ም. የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጉም የተቃናው በዚህ መዝገብ እየታገዘ ነው። ከዚህም ሌላ አስቴር እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን እያሰበች በጠቅላላው 500 ያህል ጻፈች። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ተረት በቃል ሲነገር ድምፅና እጅ ያግዙታል፤ በወረቀት ላይ ግን ቃሉ ብቻውን ይቆማል፤ ጸሐፊውም የቃሉን ለዛ እንዳያጠፋ መጠንቀቅ አለበት።

ከተጻፉትም ብዙዎቹ ተመርጠው በ1894 ዓ.ም. ጀልቀበ በርሲሳ በተባለው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። መጽሐፉ የታተመው በእምኩሉ፣ በግዕዝ ፊደል ነው። የአማራ ልጅ እንቆቅልሽ እንደሚል የኦሮሞ ልጅ ሂቦ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጨዋታ በቤቱ የለመደ ሕፃን በመጽሐፍ ሲያገኘው ፊደሉን ብቻ ይማራል፤ ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋልና። ከባዕድ አገር የመጣ ታሪክ ብቻ የሚሰጠው ሕፃን ግን ፊደሉንም ነገሩንም ባንድ ጊዜ ይሸከማል።

መጽሐፉ ለረጅም ዘመን የታወቀው በኦኔሲሞስ ስም ነው። በ1899 ዓ.ም. የታተመው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ነገር ግን በዚያም ሥራ አስቴር ብዙ ደክማለችና የሁለቱ ሥራ ነው ማለት ይገባል። በእርግጥ ተረቶቹን የፈጠረቻቸው አስቴር አይደለችም፤ መጀመሪያ ማን እንደ ተናገራቸው የሚያውቅ የለም። ሆኖም ሰምቶ የያዘ፣ ይዞም የጻፈ ሰው ስሙ ሊታወቅለት ይገባዋል።

በ1904 ዓ.ም. አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ኦሮሞች ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ሄደች፤ በነጆም አስተማሪ ሆነች። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1944 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። አስቴር በ1964 ዓ.ም. ስታርፍ የኦሮሞ ቋንቋ ገና ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች አልገባም ነበር። የገባው ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ጽሕፈቱም በላቲን ፊደል፣ ቁቤ በሚባለው ሆነ።

አስቴር ከጻፈቻቸው ከ500ዎቹ ብዙው ክፍል ሳይታተም ቆይቶ ነበር።