ጋስቶን ፕላንቴ፤ የእርሳስ ባትሪ አባት

ለዕረፍት ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም፤ ይኸውም በቤት ጥግ ወይም በጋራዥ ደጃፍ ሞቶ የተጣለ ባትሪ ነው። አንዱ የባጃጅ ነበር፤ ሌላው ቀን ከጣራ ላይ የፀሐይን ኃይል እየተቀበለ ማታ ለልጆች ጥናት መብራት ይሰጥ የነበረ ነው። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ከ1973 ጀምሮ በዚሁ በወለጋ ምድር ኤሌክትሪክ ሲያመርት ቢኖርም፣ ሽቦው ያልደረሰው የገጠር ቤት ገና ብዙ ነው። ስለዚህ ባትሪ ለእኛ አገር ሰው የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ በግ ተሸጦ፣ ቡና ተሸጦ የሚገዛ ንብረት ነው። ብዙ ዓመት ሊያገለግል ሲገባው በዓመቱ ሲሞት ባለቤቱ ፋብሪካውን ይረግማል። እኔ ግን ከመራገም በፊት ዕቃውን የፈጠረውን ሰው ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጋስቶን ፕላንቴ በኤፕሪል 22 ቀን 1834 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ኦርቴዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ታናሽ ወንድሙ ፍራንሲስ ስመ ጥር ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ጋስቶን ግን ወደ ፊዚክስ አዘነበለ፤ በ1854 በፓሪስ በሚገኘው የጥበብና የእጅ ሥራ ተቋም የፊዚክስ ረዳት ሆኖ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ከፓሪስ አጠገብ መዶን በተባለው ስፍራ በጥንት ዘመን ይኖር የነበረ፣ መብረር የማይችል የግዙፍ ወፍ አጥንት አገኘ። ሊቃውንቱም ወፉን በስሙ ጋስቶርኒስ ብለው ሰየሙት። ሌላ ሰው ቢሆን በዚሁ ዝና ረክቶ ዕድሜውን አጥንት ሲቆፍር በጨረሰ ነበር።

በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ይገኝ የነበረው እንደ ዛሬው የራዲዮ ድንጋይ ካለ ዕቃ ነው፤ በውስጡ ያለው ዚንክ ተበልቶ ሲያልቅ ነገሩ ሁሉ ያበቃል። ፕላንቴ በ1859 ሁለት ስስ የእርሳስ ሉሆች ወሰደና እንዳይነካኩ በመካከላቸው ሌላ ነገር አስገብቶ እንደ ምንጣፍ ጠቀለላቸው፤ ከዚያም በውኃ በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነከራቸው። ኤሌክትሪክ ሲያስገባበት ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ መልሶ ይሰጣል፤ ሲያልቅ እንደገና ይሞላል። በተከታዩ ዓመት ዘጠኙን ባንድ ላይ አያይዞ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። አንዱ ክፍል ወደ 2 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ዛሬ በባጃጅና በመኪና ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ የፕላንቴ ስድስት ክፍሎች ማለት ነው።

የሰውየው ትዕግሥት የሚደነቀው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሱ እርሳስ የሚይዘው ኃይል እጅግ ጥቂት ነበር። ፕላንቴ ይሞላዋል፣ ያራግፈዋል፣ አቅጣጫውን ገልብጦ ደግሞ ይሞላዋል። በመካከሉ ለቀናት፣ ኋላም ለሳምንታት ያሳርፈዋል። በዚህ አኳኋን የእርሳሱ ገጽ ቀስ በቀስ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ እየሆነ፣ የሚይዘውም ኃይል እያደገ ሄደ። አንዱን ባትሪ በሚገባ ለማድረስ ወራት ይፈጅ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢን ቆም ላድርግ። ፕላንቴ ባትሪውን የሚያሳርፈው ሞልቶ ነው። እኛ ደግሞ ባዶውን እናሳርፋለን! መብራቱ እስኪደክም አብርተን፣ ክረምት ሲገባና ፀሐይ ስትጠፋ ጥግ አስቀምጠን እንረሳዋለን። ባትሪ ኃይሉን ሲሰጥ ሁለቱም ሉሆች ነጭ የእርሳስና የድኝ ውሁድ ይለብሳሉ። ቶሎ ከተሞላ ይህ ልባስ ይሟሟል፤ ለሳምንታት ከቆየ ግን ጠጥሮ እንደ ጠጠር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀር ቢሰካበትም አይመለስም። በጋራዥ ደጃፍ ከሚጣሉት ብዙዎቹን የገደለው ይህ ነው።

የፕላንቴ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የቤተ ሙከራ ጉድ ሆኖ ቆየ፤ ምክንያቱም የሚሞላው በዚያው ዚንክ በሚበላ ባትሪ ነበርና። በ1870ዎቹ የግራም ዲናሞ ሲመጣ መንገዱ ተከፈተ። በ1881 ካሚል ፎር የእርሳስ ኦክሳይድ ለጥፎ የወራቱን ድካም አሳጠረ፤ በዚያው ዓመት ጉስታቭ ትሩቬ በፓሪስ ጎዳና በፕላንቴ ባትሪ የሚሄድ ሠረገላ ነዳ። ሠረገላው ባለ ሦስት እግር ነበር፤ የነቀምቴ ባጃጅ ነጂዎች ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። በጎልፍ ሜዳ የሚመላለሱት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪዎችም ብዙ ዘመን የሄዱት በዚሁ እርሳስ ነው፤ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ቮልት ባትሪዎች ስድስት ሆነው ተያይዘው ይሠራሉ።

ጋሪዎቹን የሚጠብቁ ሰዎች የሚያደርጉት ለእኛም ይሠራል። ከሥራ እንደ ተመለሱ በዚያው ማታ ይሞሏቸዋል፤ ኃይሉ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይፈቅዱም። ባለ 12 ቮልቱ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ክዳኑ ለሚከፈተው ባትሪ ውኃ የሚጨመረው ከተሞላ በኋላ ነው፤ ሲሞላ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከፍ ይላልና። ባዶ ሳለ ሉሆቹ ከተራቆቱ ግን እስኪሸፈኑ ብቻ ጥቂት ይጨመራል። የምንጭ ውኃችን ምንም ጥሩ ቢሆን ለባትሪ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ይጎዳዋል፤ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል። የሚተነው ውኃው እንጂ አሲዱ ስላልሆነ አሲድ መጨመር ስሕተት ነው። ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና ክብሪትም ሲጋራም ይራቅ። ነቀምቴ ደጋማ ስለ ሆነች ሙቀት እምብዛም አያሠጋንም፤ በደዴሳ ሸለቆ ያሉ ወገኖቻችን ግን ባትሪውን በጥላ ያኑሩ።

ፕላንቴ ራሱ በዕድሜው ማምሻ 800 ያህል ክፍሎች አያይዞ መብረቅን በቤተ ሙከራ ለመምሰል ይደክም ነበር። ያደረገውን ሁሉ በ1879 ስለ ኤሌክትሪክ ምርምር ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። በሜይ 21 ቀን 1889 በፓሪስ አጠገብ ቤልቪው በተባለው ሰፈር በ55 ዓመቱ ዐረፈ። ቤልቪው የሚገኘው በዚያው በመዶን ነው፤ በወጣትነቱ የወፉን አጥንት ያገኘበት አገር። ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ በፓሪስ አቅራቢያ በእርሳስ ባትሪ የሄደች መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ ከመንገድ ተሽከርካሪ ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆነች።