የጎድን አጥንት የቆጠረው ሐኪም

ወንድ ከሴት አንድ የጎድን አጥንት ይጎድለዋል ሲባል ሰምተው ይሆናል። አንድሬያስ ቬሳሊየስ ግን ቆጥሮ እኩል መሆናቸውን አሳየ።

እ.ኤ.አ. በ1514 በብራስልስ የተወለደው ይህ ሐኪም በ22 ዓመቱ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የዘመኑ ሐኪሞች ከ1,300 ዓመት በፊት የኖረውን ጌለንን ያለ ጥያቄ ይከተሉ ነበር። ቬሳሊየስ አስከሬን በገዛ እጁ እየከፈተ የጌለን ትምህርት ብዙው ከእንስሳት የተወሰደ መሆኑን ደረሰበት። በ1543 ከትልቁ መጽሐፉ ጋር ለተማሪዎች አጭር መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ተቆርጠው አንዱ በሌላው ላይ የሚለጠፉ የአካል ክፍሎች ሥዕሎች ነበሩበት፤ ተማሪው ወረቀቱን እየገለጠ ወደ ውስጥ ይመለከታል።

የፓሪስ መምህሩ ሲልቪየስ አጥብቆ ተቃወመው፤ እርሱ ግን ያየውን አልካደም። በ1564 ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በዛኪንቶስ ደሴት ሞተ።

ወገኔ ሆይ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደው ከአዳም ጎን ነው ይላል እንጂ ልጆቹ ይጎድላቸዋል አይልም። እውነትን መቁጠር ለምን ያስፈራናል?