የአውግስጢኖስ ታሪክ፤ ልብን ስለ ማዘጋጀት

ገበሬ ጤፍ ሊዘራ ሲያስብ ዘሩን በመጀመሪያው ቀን በምድር ላይ አይበትንም። አስቀድሞ ማሳውን ይገምሳል፤ ድንጋዩን ይለቅማል፤ እሾሁን መንጥሮ ያቃጥላል፤ ከዚያም በኋላ እየመላለሰ ያርሳል፥ ያለሰልሳልም። ዘሩ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፥ መሬቱ ካልተዘጋጀ ፍሬ አይሰጥም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በዘሪው ምሳሌ የሰውን ልብ በመሬት መስሎ አስተማረ። በመንገድ ዳር፥ በጭንጫ ላይ፥ በእሾህም መካከል የወደቀው ዘር ጠፋ፤ በመልካም መሬት የወደቀው ግን አፈራ። ዘሩ አንድ ነበረ፤ የተለየው መሬቱ ነው።

ይህ ነገር በአንድ ታላቅ ሊቅ ሕይወት ተገልጦ ታየ። የእውነት ቃል ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአጠገቡ ነበረ፤ ልቡ ግን ቃሉን ለመቀበል እስኪዘጋጅ ድረስ ከ30 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለፈ። የዚህም ሰው ስም አውግስጢኖስ ይባላል።

አውግስጢኖስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ፥ ታጋስት በምትባል ከተማ ተወለደ። ከዚህ በኋላ የሚጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ያ ስፍራ ዛሬ በአልጄሪያ አገር ውስጥ ይገኛል፤ በዚያ ዘመን ግን ለሮማ መንግሥት ይገዛ ነበረ። አባቱ ፓትሪክዮስ ጣዖት አምላኪ ነበረ፤ በዕድሜው መጨረሻ ግን ክርስቲያን ሆኖ ሞተ። እናቱ ሞኒካ እግዚአብሔርን የምትፈራ ክርስቲያን ስለ ነበረች፥ ልጅዋን ገና በሕፃንነቱ የክርስቶስን ስም አስተማረችው።

አውግስጢኖስ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ አእምሮው ፈጣን፥ ፈቃዱ ግን ሰነፍ ነበረ። ከመጽሐፍ ይልቅ የኳስ ጨዋታ ይወድ ነበረ። የግሪክ ቋንቋ መማርን ጠላ፤ መምህሩም ስለ ስንፍናው ይገርፈው ነበረ። ያን ጊዜ ሕፃኑ እንዳይገረፍ አጥብቆ ወደ እግዚአብሔር ይጸልይ ነበረ። እንዲሁ ከቅጣት መዳንን ለመነ እንጂ ትጋትን አልለመነም።

16 ዓመት በሆነው ጊዜ ለትምህርቱ የሚሆን ገንዘብ ስላልተገኘ ሥራ ፈትቶ በቤቱ ተቀመጠ። በአንድ ሌሊትም ከክፉ ጓደኞቹ ጋር ሄዶ የጎረቤት ዛፍ አራግፎ ፍሬውን ሰረቀ። አልተራበም ነበር፤ በቤቱም ከዚያ የሚሻል ፍሬ ነበረው። ከተሰረቀውም ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለእሪያዎች ጣሉት። አውግስጢኖስ ሸምግሎ እንኳ ይህን አልረሳም። ያዘነውም ስለ ፍሬው ብዛት አይደለም፤ ኃጢአቱን ስለ ኃጢአትነቱ ብቻ እንደ ወደደው፥ ጓደኞቹም ባይኖሩ ብቻውን እንደማያደርገው ስላወቀ ነው።

በሚከተለው ዓመት ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ካርታጎ ከተማ ሄደ። በዚያም በንግግር ጥበብ ከጓደኞቹ ሁሉ በለጠ፤ ነገር ግን በሕግ ሳይጋባ ከአንዲት ሴት ጋር ኖረ፤ ከእርስዋም አዴዎዳጦስ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደለት። 19 ዓመት ሲሆነው ሲሴሮ የተባለ የሮማ ሊቅ የጻፈውን መጽሐፍ አነበበ። መጽሐፉ ጥበብን እንዲፈልግ ልቡን አነሣሣው። ስለዚህ እናቱ የምታከብረውን መጽሐፍ ቅዱስን ገለጠ። ነገር ግን ቃሉ እንደ ሲሴሮ ንግግር ያጌጠ ስላልሆነ ናቀውና ዘጋው። በዚያ ቀን መጽሐፉ በእጁ ነበረ፤ ልቡ ግን ዝግ ነበረ። ይህም በማሳው ላይ የነበረው የመጀመሪያው ድንጋይ ነው፤ ስሙም ትዕቢት ይባላል።

ከዚህ በኋላ በፋርስ ግዛት የተነሣው የማኒ ተከታዮች ወደ ማኅበራቸው ሳቡት። እነርሱም ብርሃንና ጨለማ ከጥንት ጀምሮ የሚዋጉ ሁለት ኃይሎች እንደ ሆኑ፥ ሰውም ሲበድል የበደለው ራሱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ጨለማ እንደ ሆነ ያስተምሩ ነበር። ይህ ትምህርት አውግስጢኖስን ደስ አሰኘው፤ በደሉን በሌላ ላይ መጣል ቀላል ነውና። በዚህም ስሕተት 9 ዓመት ያህል ቆየ።

ሞኒካ ስለ ልጅዋ ሌሊትና ቀን ታለቅስ ነበረች። አንድ ቀን በሕፃንነቱ ከማኒ ሰዎች ጋር አድጎ በኋላ ወደ ቀናው ሃይማኖት የተመለሰ ኤጲስ ቆጶስ አገኘችና፥ ልጅዋን ተከራክሮ እንዲመልስላት ለመነችው። ኤጲስ ቆጶሱ ግን እንቢ አለ። ወጣቱ በአዲሱ ትምህርት ገና ስለሚኵራራ ለመስማት እንዳልተዘጋጀ፥ ስለዚህ ለጊዜው እንድትተወውና ብቻ እንድትጸልይለት ነገራት። እርስዋ ግን እያለቀሰች አልሄድም ባለች ጊዜ፥ ይህን ያህል እንባ የፈሰሰለት ልጅ ሊጠፋ እንደማይችል አስረድቶ አሰናበታት። ያ ኤጲስ ቆጶስ ብልህ ገበሬ ነበረ፤ ባልታረሰ መሬት ላይ ዘር መበተን እንደማይጠቅም ያውቅ ነበረና።

የመጀመሪያው እርሻ በኀዘን መጣ። አውግስጢኖስ በታጋስት ሲያስተምር አብሮት ያደገና እጅግ የሚወደው ጓደኛ ነበረው፤ እርሱንም ወደ ማኒ ትምህርት ስቦት ነበር። ጓደኛው በንዳድ ታሞ ራሱን በሳተ ጊዜ ቤተ ሰቦቹ አስጠመቁት። ጥቂት በተሻለውም ጊዜ አውግስጢኖስ አብሮት የሚስቅ መስሎት በጥምቀቱ ቀለደ። በሽተኛው ግን እንደ ጠላት ተመለከተውና፥ ወዳጅነቱን የሚፈልግ ከሆነ እንዲህ ያለውን ነገር እንዲተው ገሠጸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ንዳዱ ተመለሰና ጓደኛው ሞተ። አውግስጢኖስ ወዴትም ቢመለከት ሞትን ብቻ የሚያይ ሆነ። ያን ያህል ሲመካበት የነበረው ትምህርት አንዲት የመጽናናት ቃል አላቀበለውም። የተወለደባትን ከተማ መታገሥ አቅቶት ወደ ካርታጎ ተመለሰ።

በ383 ዓ.ም. ፋውስጦስ የተባለ የማኒ ሰዎች ታላቅ መምህር ወደ ካርታጎ መጣ። አውግስጢኖስም ጥያቄውን ሁሉ ይፈታልኛል ብሎ ብዙ ዘመን ሲጠብቀው ነበር። ፋውስጦስ ንግግሩ ያማረ ነበረ፤ ስለ ሰማይ ከዋክብት አካሄድ ሲጠይቁት ግን እንደማያውቅ በግልጥ ተናገረ። ያን ጊዜ አውግስጢኖስ ያማረ ንግግር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ፥ ያላማረ ንግግርም ሁሉ ሐሰት እንዳልሆነ አስተዋለ። ከትዕቢቱ ድንጋይ አንዱ ተነቀለ።

በዚያው ዓመት ወደ ሮማ ለመሄድ ቈረጠ። እናቱ እስከ ባሕር ዳር ተከትላ እንዳይሄድ ብትለምነው፥ ወዳጁን ለመሸኘት ብቻ እንደ ቆየ ነግሮ አታለላት። እርስዋ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ቤት ስትጸልይ ስታለቅስ ባደረችበት ሌሊት እርሱ በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ሞኒካ ልጅዋ ከእርስዋ እንዳይርቅ ጸለየች፤ ሆኖም ለጊዜው የከለከላት እግዚአብሔር ዋነኛውን ልመናዋን በዚያው መንገድ ፈጸመላት።

አውግስጢኖስ በ384 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሚቀመጥባት በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። የዚያች ከተማ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ በደግነት ተቀበለው። አውግስጢኖስ በየእሑዱ ስብከቱን ለመስማት ይሄድ ጀመር፤ የሄደው ግን የአነጋገሩን ስልት ለመመዘን እንጂ እውነትን ለመፈለግ አልነበረም። ሆኖም ጆሮውን ስለ ከፈተ ነገሩም ከቃሉ ጋር ወደ ልቡ ገባ። ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች ብሎ ሲነቅፍ የኖረው ብዙ ነገር ከቶ የእርስዋ ትምህርት እንዳልሆነ ተረዳ። ሳይጠይቅ በመፍረዱም አፈረ። ዝም ብሎ መስማት ሁለተኛው እርሻ ሆነለት።

ድንጋዩ ቢነቀልም እሾሁ ገና ነበረ፤ ይኸውም የክብርና የሥጋ ምኞት ነው። አንድ ቀን ለንጉሠ ነገሥቱ የሚያሰማውን፥ ሐሰት የበዛበትን የውዳሴ ንግግር እያሰበ በጭንቀት ሲሄድ፥ በመንገድ ላይ ጠጥቶ የሚስቅ ለማኝ አየ። ለማኙ በጥቂት ሳንቲም ያገኘውን ደስታ፥ እርሱ በብዙ ድካም እንዳላገኘው ለጓደኞቹ ነገራቸው። ንጽሕናንም እንዲሰጠው እግዚአብሔርን ይለምን ነበረ፤ ነገር ግን ልመናው ቶሎ እንዳይፈጸምበት ይፈራ ነበረ። አእምሮው እውነትን አወቀ፤ ፈቃዱ ግን አልታዘዝም አለ።

በ386 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጶንጢክያኖስ የሚባል ያገሩ ሰው ሊጠይቀው መጣ። በገበታው ላይ የሐዋርያው የጳውሎስ መልእክታት ተቀምጠው ስላየ ደስ አለው፤ የግብጹን መነኵሴ የአባ እንጦንስንም ታሪክ ነገረው። ይህን ታሪክ የጻፈው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ እርሱም ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ፥ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመ ነው። እንጦንስ የዓለምን ጥበብ አልተማረም፤ ነገር ግን ወንጌል ሲነበብ አንድ ጊዜ ሰምቶ ያለውን ሁሉ ሰጠ። አውግስጢኖስ ይህን ሲሰማ ራሱን በመስተዋት እንዳየ ሰው ሆነ። ያልተማሩት ተነሥተው መንግሥተ ሰማያትን ሲይዙ፥ እርሱ ከነትምህርቱ በጭቃ ውስጥ እንደ ቀረ አየ።

ከዚያም ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር ወደ አትክልት ስፍራ ወጣ፤ ጥቂት ፈቀቅ ብሎም ከበለስ ዛፍ በታች ወድቆ አለቀሰ። እስከ መቼ ነገ ነገ እያለ እንደሚዘገይ እያሰበ ሲጨነቅ፥ ከጎረቤት ቤት የሕፃን ዜማ ሰማ፤ ዜማውም አንሥቶ እንዲያነብ የሚያዝ ነበረ። ፈጥኖ ተመለሰና የጳውሎስን መልእክት ገለጠ። ዐይኑ ያረፈበት ቃል ከስካርና ከዝሙት፥ ከክርክርና ከቅንዓት ርቆ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስን እንዲለብስ የሚያዝ ነበረ። ያን ጊዜ ልቡ ጸጥ አለ። በ19 ዓመቱ የናቀውን መጽሐፍ በ31 ዓመቱ እንደ ሕይወት እንጀራ ተቀበለው። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልቡ ነው። ወዲያውም ገብቶ ለእናቱ ነገራት፤ እርስዋም ደስ ብሎአት እግዚአብሔርን አመሰገነች።

አውግስጢኖስ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉን አውቃለሁ አላለም። የመምህርነት ሹመቱን ትቶ ወደ ገጠር ሄዶ በጸሎትና በንባብ ተቀመጠ። አምብሮስዮስ ትንቢተ ኢሳይያስን እንዲያነብ መከረው፤ እርሱም ጀምሮ ነገሩ ስለ ጠጠረበት፥ ማስተዋል እስኪጨመርለት ድረስ አቆየው። አስቀድሞ መጽሐፍን የናቀ ሰው አሁን የናቀው የራሱን አላዋቂነት ነው። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁ ከአዴዎዳጦስና ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሞኒካ ኦስትያ በምትባል የባሕር በር በ56 ዓመትዋ ዐረፈች። የለመነችውን አይታ ነበርና በሰላም ሄደች።

በ391 ዓ.ም. የሒጶ ከተማ ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን ይዘው አውግስጢኖስን ቅስና አሾሙት። እርሱም አለቀሰ፤ ሕዝቡን ከማስተማሩ በፊት መጽሐፍ ቅዱስን የሚያጠናበት ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠው ኤጲስ ቆጶሱን ቫሌርዮስን ለመነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ራሱ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ እስከ ሞቱም ድረስ ሕዝቡን መገበ። ኃጢአቱን ያልሸሸገበትን የኑዛዜ መጽሐፍ፥ ደግሞም በ22 ክፍል የተከፈለውን ስለ እግዚአብሔር ከተማ የሚናገረውን መጽሐፍ ጻፈ።

በ430 ዓ.ም. የቫንዳል ወታደሮች ሒጶን በከበቡ ጊዜ አውግስጢኖስ ታመመ። የዳዊትን የንስሐ መዝሙሮች አስጽፎ ከአልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አሰቀለ፤ እነርሱንም እያነበበ ያለቅስ ነበረ። በነሐሴ ወር በ28ኛው ቀን በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ስንት ሺህ ሰው ያስተማረው ሊቅ በመጨረሻው ቀን እንኳ ልቡን ማለስለስ አልተወም፤ አንድ ጊዜ የታረሰ ማሳ ካልተጠበቀ ዳግመኛ እሾህ እንደሚያበቅል ያውቅ ነበረና።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ መልካም ቃል በየቀኑ በጆሮአችሁ ይሰማል። ቃሉ ፍሬ ሳይሰጥ ቢቀር ዘሩን አትንቀፉ፤ ማሳችሁን መርምሩ እንጂ። ትዕቢት ካለ እንደ ድንጋይ ይለቀም፤ ክፉ ምኞት ካለ እንደ እሾህ ይመንጠር፤ ለነገ የተባለው ንስሐ ዛሬ ይሁን። ዝናሙን የሚያዘንም፥ ዘሩንም የሚያበቅል እግዚአብሔር ነው፤ የገበሬው ድርሻ ግን ዝናም ሳይመጣ አርሶ መጠበቅ ነው።