ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የአሰላ ልብስ ሰፊዎች ብጣሽ

በዚህች አጭር ጽሑፍ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ሕይወት ላወጋችሁ እወዳለሁ። እኚህ ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በታሪክና በኢኮኖሚክስ ክፍል ነው። እኔ ግን የማነሳቸው ከእኛው ከአሰላ ልብስ ሰፊዎች ጋር አያይዤ ነው። ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ትንሽ ይታገሠኝ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገብረ ሕይወት በ1886 በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የዐፄ ዮሐንስ ሰው ነበሩ፤ በ1889 በመተማ ጦርነት ወደቁ። ወዲያውም ክፉ ቀን መጣ፤ ረሃቡ ሰውንም ከብትንም ጨረሰ። ብላቴናው ወደ ምጽዋ ተሰደው በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠሩ። (ስዊድኖች ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ የጭላሎን ገበሬ ከማዳበሪያና ከምርጥ ዘር ጋር ያስተዋወቀው ካዱ በ1967 የተቋቋመው በእነሱ እርዳታ ነው።) ከዚያም ገብረ ሕይወት በጀርመን መርከብ ባሕር ተሻግረው አንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ እንደ ልጅ አሳደጋቸው፤ በርሊን ገብተውም ሕክምና ተማሩ።

አውሮፓ ቢደላቸውም እዚያው አልቀሩም። አገራቸው ተመልሰው ለዐፄ ምኒልክ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። በቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በ1912 ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ የጻፉት ጽሑፍ አሥመራ ታተመ። በልጅ ኢያሱ ዘመን የጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኑ። በ1919 ሲሞቱ ገና ወጣት ነበሩ። መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ዋና መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1924 ነው።

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ የሚወጣው ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ነበር። የሚገባው ደግሞ በብዛት ጨርቅ፣ በተለይም አቡጀዴ ነበር። ጉምሩክ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን በየቀኑ ያየዋል። ነጋድራስ ግን ቀረጡን ሰብስበው ዝም አላሉም። የእኛ ሰው ብዙ ቀን ለፍቶ ያመጣውን ጥሬ ዕቃ፣ ባዕዱ በዕውቀትና በመሣሪያ በጥቂት ሰዓት በሠራው ነገር እንደሚለውጥ አስተዋሉ። በዚህ ዓይነት ንግድ ገበያው ቢደራም አገሩ እየደኸየ ይሄዳል ማለት ነው። መድኃኒቱ ዕውቀት ነው አሉ፤ ለዚህም ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩ ነበር። በተጨማሪም ሚዛንና መስፈሪያ፣ ገንዘብም በአገሩ ሁሉ አንድ እንዲሆን አጥብቀው ጠየቁ።

አሁን ወደ አሰላ እንምጣ። የዛሬው ልብስ ሰፊ የሚቆርጠው ቴትሮንና ፖሊስተር በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ነው። በ2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ጨርቅ ምን ያህል እንደተወደደ ገዝቶ ያየ ያውቀዋል። ከመስከረም በፊት የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ግን ከመቀሱ ሥር የሚወድቀው ብጣሽ ተጠርጎ ይጣላል፣ ወይም ይቃጠላል። በነጋድራስ ዓይን ካየነው እዚያ ጭስ ውስጥ ያለው ስንት የቡና ገበሬና የስንት ነጋዴ ድካም ነው!

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት በዓለም ለልብስ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው ዛሬ ሁሉም ስለ ክብ ኢኮኖሚ የሚያወራው። ዕቃው አንዴ አገልግሎ ከመጣል ይልቅ እየተጠገነና እየተለወጠ በሥራ ላይ ይቆይ ነው ነገሩ። ለእኛ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ አሳቡ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን እራፊ እየደራረቡ ድሪቶ ሰፍተዋል፤ ያለቀ ጋቢም የሕፃን መጠቅለያ ሆኗል። ያ ግን የማጣት ብልሃት ነበር፤ አሁን የሥራ ብልሃት መሆን አለበት።

ታዲያ አነስተኛ ልብስ ሰፊ ከምን ይጀምር? እኔ በበኩሌ አራት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ትልልቁን ቅድ አስቀድሞ፣ ትንንሹን በመሐል አስገብቶ መደርደር ነው። ሁለተኛ፣ ብጣሹን በዓይነት መለየት ነው፤ ጥጡ ለጋራዥ መጥረጊያ፣ ሌላው ለትራስና ለፍራሽ መሙያ ይሸጣል፤ የተደባለቀ ግን ገዢ የለውም። ሦስተኛ፣ የልጅ ዩኒፎርም ሲሰፋ ጠርዙ ሰፋ ብሎ ይታጠፍ፤ ልጁ ሲያድግ ይለቀቅለታል፣ ወላጅም ለሰፊው ዳግመኛ ይከፍላል። አራተኛ፣ ኮሌታ መገልበጥና ልብስ ማሳጠር ለወዳጅ በነጻ የሚሠራ ውለታ መሆኑ ቀርቶ ዋጋው በግልጽ ይለጠፍ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህ የድሃ ወሬ ነው፤ የሚያስፈልገን ፋብሪካ ነው ይሉኛል። ፋብሪካውን አልጠላሁም። ነገር ግን የውጭ ጨርቅ አስገብቶ፣ ሰፍቶ መላክ ብቻውን እንደማያስተማምን አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ ባስወጣች ጊዜ አይተናል። አንድ ሜትር ጨርቅ እንዳይባክን ማድረግ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ነጋድራስ ስለ ብጣሽ አልጻፉም፤ እኔም ጻፉ አላልኩም። ያስተማሩን ግን ድካምን መቁጠር፣ ዕቃንም መመዘን ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልብስ ሰፊ የምንለምነው የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው። ለአንድ ወር የጣለውን ብጣሽ በኪሎ መዝኖ፣ የገዛበትን ዋጋ አብሮ በደብተር ይጻፍ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ሚዛኑን ተሸክመን እየዞርን ሒሳቡን እናግዘው። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩ ራሱ ይናገራል፤ የእኛ ስብከት አያስፈልገውም።