የማይክል ፋራዴይ አጭር የሕይወት ታሪክ

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ፣ ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ ከየሱቁና ከየምግብ ቤቱ ደጃፍ የጄኔሬተር ድምፅ መሰማት እንደሚጀምር ሳታስተውሉ አትቀሩም። የሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ ሞተሩ ሲበረታ ደግሞ ይደምቃል። ፍጥነትንና ብርሃንን ያዛመደው ምን እንደ ሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? መልሱን የምታገኙት ከአንድ የቀጥቃጭ ልጅ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው።

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 በለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቅጦ የሚኖር፣ ጤና ያጣ ድኻ ሰው ነበር። ልጁም ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ቁጥር በቀር ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ ሙያ እንዲማር ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ተሰጠ። በዚያም ሰባት ዓመት ሲሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ያነበበውንም በቃል ብቻ አልተቀበለውም፤ ከትንሽ ገቢው እየቆጠበ ዕቃ ገዝቶ በእጁ ይፈትነው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ የመግቢያ ትኬት ስለ ሰጠው፣ የታወቀው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ያደረጋቸውን ንግግሮች አዳመጠ። የያዘውንም ማስታወሻ በጥንቃቄ ጽፎና ጠርዞ ለሊቁ ላከለት። ዴቪ በሚቀጥለው ዓመት ረዳቱ አድርጎ ቀጠረው። አብረው አውሮፓን ሲዞሩ የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ትቆጥረው ስለ ነበር እጅግ አዘነ። ይሁን እንጂ ንቀቱ ከዓላማው አላናወጠውም።

እ.ኤ.አ. በ1821 ጅረት የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ። ይህም ለኤሌክትሪክ ሞተር መነሻ ሆነ። ኤሌክትሪክ እንቅስቃሴን ከሰጠ፣ እንቅስቃሴስ ኤሌክትሪክን አይሰጥምን? ይህ ጥያቄ አሥር ዓመት አስደከመው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1831 አንድ የመዳብ ዝርግ በትልቅ ማግኔት ዋልታዎች መካከል አሽከረከረ። አንዱን ሽቦ ከዘንጉ፣ ሌላውን ከጠርዙ ጋር ባገናኘ ጊዜ የመለኪያው መርፌ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፤ ዝርጉ እስኪቆም ድረስም አልተመለሰም። በዚህ ዓይነት ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ጅረት፣ ማለትም ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ የመጀመሪያው ጄኔሬተር ተገኘ።

ከዚህ ግኝት የተነሣውን ሕግ እናንተም ልትሠሩበት ትችላላችሁ። የማግኔቱ ኃይልና የሽቦው ጥቅል ካልተለወጡ፣ የሚመነጨው ቮልቴጅ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ይጨምራል፤ እኩልም ይቀንሳል። አንድ የቀጥተኛ ጅረት ጄኔሬተር በደቂቃ 1,200 ጊዜ ሲዞር 240 ቮልት ያመነጫል እንበል። 240 ለ1,200 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዙር 0.2 ቮልት ይደርሳል። ፍጥነቱ ወደ 1,000 ዙር ቢወርድ 200 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ወደ 1,500 ቢወጣ ግን 300 ቮልት ደርሶ አምፖሉን ያቃጥላል። ደግሞም ጄኔሬተሩ ሥራ ሲይዝ የራሱ ሽቦ ጥቂት ቮልት ያስቀርበታል። የሽቦው ተቃውሞ 0.5 ኦም፣ ጅረቱም 20 አምፔር ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 10 ቮልት ይቀራል። ስለዚህ 240 ቮልት ለተጠቃሚው እንዲደርስ 250 ቮልት መመንጨት አለበት፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ፍጥነት በደቂቃ 1,250 ዙር ነው።

የሚያስደንቀው ነገር ፋራዴይ ራሱ ከፍተኛ ሒሳብ የማያውቅ መሆኑ ነው። በእጁ ፈትኖ፣ በዓይኑ አይቶ የደረሰበትን ሐሳብ በሒሳብ ቀመር ያስቀመጠው ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው። ፋራዴይ ዝናው በዓለም ከተሰማ በኋላም ኑሮውን አልለወጠም፤ የመኳንንት ማዕረግ ሲቀርብለት አልተቀበለም፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢለመንም እምቢ አለ። በስተርጅና የማስታወስ ኃይሉ ደክሞ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1867 በ75 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

በሀገራችንም ቀጥቃጭና ሌላው ባለ እጅ ይናቅ የነበረበት ዘመን እንደ ነበረ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውና ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው የባቡር መሥመር የሚሠራው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኃይሉን የሚያመነጩት ጄኔሬተሮችም ሆኑ ባቡሩን የሚጎትቱት ሞተሮች መነሻቸው የዚያ የቀጥቃጭ ልጅ ሥራ ነው። እንግዲህ የእጅ ሥራን አትናቁ፤ ያነበባችሁትንም ሳትፈትኑ አትለፉት።