የቄሳርያው ኦሪጌንስ፦ የገሃነም እሳት መጨረሻ አለው ብሎ ያስተማረው ሊቅ

ከኦር ዓኪቫ ወደ ባሕሩ ጥቂት እንደሄዱ የቄሳርያ ፍርስራሽ አለ። ወደቡን ያሠራው ንጉሥ ሄሮድስ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ለሽርሽር ወስደዋቸው ድንጋዩንና የውኃ መስመሩን ያዩ አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። በዚህች ከተማ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ክርስቲያን መምህር ይኖር ነበር። ስሙ ኦሪጌንስ ይባላል። ኃጢአተኛ ሰው ከሞተ በኋላ ለዘላለም ይቃጠላል ወይስ ቅጣቱ አንድ ቀን ያበቃል? በዚህ ጥያቄ ላይ ከእሱ በኋላ የመጡ ክርስቲያኖች እስከ ዛሬ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ጥያቄው ለቤተ እስራኤል ሽማግሌዎች አዲስ አይደለም። ከ1860 ጀምሮ ከለንደን የተላኩ ሚስዮናውያን በጎንደር መንደሮች ሲሰብኩ፣ ያለ ክርስቶስ መዳን የለም የሚለው ቃል ከአፋቸው አይለይም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ከጎረቤት የሰማ ሰው፣ ክርስቲያኖች ሁሉ ስለ ገሃነም በአንድ ቃል የሚናገሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የኦሪጌንስ ሕይወት ይህን በደንብ ያሳያል።

ኦሪጌንስ በግብፅ አገር፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ185 ገደማ ተወለደ። ለወላጆቹ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ከእሱ በታች ስድስት ወንድሞች ነበሩት። አባቱ ሊዮኒደስ የተማረ ሰው ስለነበር ልጁን የግሪክን ትምህርትም መጽሐፍ ቅዱስንም ከትንሽነቱ ጀምሮ አስጠናው። በየቀኑም ከመጽሐፉ አንድ ክፍል በቃሉ ያስይዘው ነበር።

በ202 ገደማ የሮማው ንጉሥ ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ሲገዛ በክርስቲያኖች ላይ ስደት ተነሣ። አባቱ ተይዞ ታሰረ። ልጁ ገና 17 ዓመት አልሞላውም፤ እሱም ሄዶ ከአባቱ ጋር ልሙት አለ። እናቱ ለመነችው፣ አልሰማ አላት። መላ ስታጣ ልብሱን ሁሉ ደበቀችበት። ራቁቱን መውጣት አፍሮ ቤት ቀረ። እንግዲህ የእናት ብልሃት ነው ያተረፈው። እሱም አባቱ ለእኛ ብለህ ሐሳብህን እንዳትለውጥ ብሎ ደብዳቤ ላከለት። ሊዮኒደስ ተገደለ፤ ንብረቱም ለመንግሥት ተወረሰ። እናትየው ሰባት ልጆች ይዛ ባዶ እጇን ቀረች።

ኦሪጌንስ መጀመሪያ አንዲት ሀብታም ሴት አስጠግታው፣ በኋላም ቋንቋ እያስተማረ ራሱንና ቤተሰቡን ረዳ። በ18 ዓመቱ የእስክንድርያው ጳጳስ ድሜጥሮስ ለመጠመቅ የሚዘጋጁ ሰዎችን እንዲያስተምር ሾመው። ያን ጊዜ የግሪክ መጻሕፍቱን ሸጠና በየቀኑ በምትሰጠው ጥቂት ሳንቲም መኖር ጀመረ። መሬት ላይ ይተኛ፣ ያለ ጫማ ይሄድ፣ አብዛኛውን ሌሊት በንባብ ያሳልፍ ነበር። በኋላ አምብሮስዮስ የሚባል ባለጸጋ ወዳጅ አገኘ። ይህ ሰው ኦሪጌንስ ሲናገር እየተፈራረቁ የሚጽፉ ከሰባት በላይ ጸሐፊዎች ቀጠረለት። አንድ ሰው ያን ሁሉ መጽሐፍ እንዴት ጻፈ ብሎ ለሚገረም መልሱ ይኸው ነው።

በእስክንድርያ ሳለ የጻፈው ዋናው መጽሐፍ ስለ ነገሮች መጀመሪያ የሚናገር ነው። ስለ ገሃነም ያለው ትምህርቱ ከዚያ ይገኛል። ኦሪጌንስ እሳቱን እንዲህ ተረዳው፦ እግዚአብሔር ለብቻው ያነደደው እሳት የለም፤ እያንዳንዱ ኃጢአተኛ የራሱን እሳት በራሱ ሥራ ያነዳል። ለዚህም ማስረጃ ያደረገው ከነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ነው። ሰው ምግብ ሲያበዛ ወይም የማይሆን ነገር ሲበላ በሰውነቱ ውስጥ ትኩሳት እንደሚነሣ፣ ክፋትን ያከማቸች ነፍስም ሕሊናዋ ያቃጥላታል ብሎ አስረዳ። እግዚአብሔርን ደግሞ በሐኪም መሰለው። ሐኪም መራራ መድኃኒት ያጠጣል፣ ቁስልም ይተኩሳል፤ ይህን የሚያደርገው ግን በሽተኛውን ለመፈወስ ነው። ስለዚህ ቅጣቱ ያነጻል፣ ነፍስም ዘመን ቢፈጅ ትማራለች፤ በመጨረሻም ፍጥረት ሁሉ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል የሚል ተስፋ ያዘ። ግሪኮች ይህን አፖካታስታሲስ ይሉታል፤ ሁሉን ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት ጠላት አመጣበት። ሰይጣንም ይድናል ብሎ አስተማረ እያሉ ስሙን አጠፉት። እሱ ለወዳጆቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እብድ እንኳ አይናገረውም ብሎ ካደ። ደግሞም እሱ ራሱ ጠንቃቃ ነበር። ስለ ቅጣቱ ማብቃት ለሁሉ ሰው በግልጽ መጻፍ አደገኛ ነው፤ ብዙው ሰው ከክፋት የሚርቀው በፍርሃት ነው ይል ነበር። በአንዳንድ ስብከቶቹም ስለ ዘላለም እሳት እንደማንኛውም ሰባኪ ይናገራል። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚድን የለም ብሎ ያስተማረም እሱ ነው። ይኸው ሰው ደግሞ እስራኤል ሁሉ በመጨረሻ ይድናል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ኦሪጌንስን እንዲሁ ለዘብተኛ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ቃል በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበር።

ወደ ቄሳርያ ያመጣው ጠብ ነው። በ230 ገደማ በጉዞ ላይ ሳለ የቄሳርያና የኢየሩሳሌም ጳጳሳት የቅስና ማዕረግ ሰጡት። ድሜጥሮስ ያለ እኔ ፈቃድ እንዴት ተደርጎ ብሎ ተቆጣ፤ ከእስክንድርያም አባረረው። አገሩን አጥቶ ቄሳርያ ገባ፤ በዚያም ትምህርት ቤት ከፈተ።

ቄሳርያ ያን ጊዜ የአይሁድ፣ የሳምራውያን፣ የግሪኮችና የክርስቲያኖች ከተማ ነበረች። ታላቁ ረቢ ሆሻያ በዚያው ዘመን በዚያችው ከተማ ያስተምር ነበር፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ አይቀሩም ብለው የሚገምቱ ተመራማሪዎች አሉ። ኦሪጌንስ የኦሪትን ቃል ከአይሁድ ሊቃውንት ይጠይቅ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ከዚህም የተነሣ ሄክሳፕላ የሚባለውን ትልቅ ሥራ ሠራ። ይህ መጽሐፍ ገጹ በስድስት ዓምድ የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ዕብራይስጡ፣ በሁለተኛው ያው ዕብራይስጥ በግሪክ ፊደል፣ በቀሩት አራት ደግሞ የግሪክ ትርጉሞች ጎን ለጎን ተጻፉ። ከተርጓሚዎቹ አንዱ አቂላ ወደ ይሁዲነት የገባ ሰው ነው። ኦሪጌንስ ይህን ያደረገው ክርስቲያኖች ከአይሁድ ጋር ሲከራከሩ በዕብራይስጡ የሌለውን ቃል እየጠቀሱ እንዳያፍሩ ነው።

ነገር ግን የአይሁድ ወዳጅ ብቻ ነበረ ማለት አይቻልም። የሰንበትን፣ የፋሲካንና የግዝረትን ትእዛዝ በመንፈስ እንጂ በሥጋ መፈጸም አያስፈልግም ብሎ አስተምሯል። በቄሳርያ ሰንበት ቅዳሜ ወደ ምኩራብ ሄደው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እነዚህን በስብከቱ አጥብቆ ገሥጿቸዋል።

ገሃነም የሚለው ስም ከየት እንደመጣም ያውቅ ነበር። ኬልሶስ የሚባል ፈላስፋ ለጻፈው ነቀፋ መልስ ሲሰጥ፣ ቃሉ በኢየሩሳሌም ከሚገኘው ከሄኖም ሸለቆ የመጣ መሆኑን አስረድቷል። በክፉ ነገሥታት ዘመን ለሞሎክ ልጆችን በእሳት ያሳለፉበት ሸለቆ ነው፤ ጌ ሂኖም ይባላል። በስግድ ቀን ከአርሞን ሃናጺብ ቆሞ ወደ አሮጌዋ ከተማ የሚመለከት ሰው፣ በመካከል ካሉት ሸለቆዎች አንዱ ያ ነው።

እዚህ ላይ የአይሁድ ሊቃውንት ምን አሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ረቢ ዓኪቫ፣ ኦር ዓኪቫ በስሙ የተጠራችው፣ በዚያችው በቄሳርያ ሮማውያን እንደገደሉት ይነገራል። እሱም ኦሪጌንስ ከመወለዱ በፊት የክፉዎች ፍርድ በጌ ሂኖም 12 ወር ነው ብሎ ማስተማሩ በሚሽና ተጽፏል። ልጅ ለወላጁ ካዲሽ የሚለው 11 ወር ብቻ የሆነውም፣ አባቱን ሙሉ ዓመት ከሚቀጡት ክፉዎች ጋር እንዳይቆጥር ነው። በቤተ እስራኤል መጽሐፍ በትእዛዘ ሰንበትም ሰንበት ለነፍሳት አማላጅ ናት፤ በሲኦል ያሉትም በእሷ ቀን ያርፋሉ። ኦሪጌንስ የራሱን ትምህርት ከአይሁድ ወሰደ ለማለት አይቻልም። ቅጣት ልክ አለው የሚለው ሐሳብ ግን በዚያች አገር እንግዳ አልነበረም።

በ250 ንጉሥ ዴክዮስ ሰው ሁሉ ለሮማ አማልክት እንዲሠዋ አዘዘ። ኦሪጌንስ ያን ጊዜ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያዙትና አንገቱን በብረት አሠሩት፤ እግሩን በግንድ እስከ አራተኛው ቀዳዳ ድረስ ለብዙ ቀን ወጠሩት፤ በእሳት እናቃጥልሃለን እያሉም አስፈራሩት። ያስቀሰሰው የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ እስክንድሮስ በቄሳርያ እስር ቤት ሞተ። ኦሪጌንስ እምነቱን አልካደም። በ251 ዴክዮስ በጦርነት ሲሞት ተፈታ፤ አካሉ ግን አልዳነም። በ69 ዓመቱ፣ በ254 አካባቢ አረፈ። የተቀበረው ዛሬ በሊባኖስ በምትገኘው በጢሮስ እንደሆነ ይነገራል።

በእምነቱ የተሠቃየ ሰው ከሞተ በኋላ በገዛ ወገኖቹ ተወገዘ። በ400 የእስክንድርያው ጳጳስ ቴዎፍሎስ አወገዘው። በ543 ንጉሥ ዩስጢንያኖስ በአዋጅ ትምህርቱን ከለከለ፤ በ553 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም ስሙን ከመናፍቃን ጋር ቆጠረው። መጻሕፍቱን የሚገለብጥ ስለጠፋ አብዛኞቹ ጠፉ። የሚገርመው፣ የኒሳው ጎርጎርዮስ ስለ ቅጣት ማብቃት የሚመስል ነገር አስተምሮ ቅዱስ ተብሎ ቀረ። በሰሜን አፍሪካ ደግሞ አውግስጢኖስ ቅጣቱ ዘላለማዊ ነው ብሎ በሰፊው ጻፈ። በምዕራቡ ዓለም ያሸነፈው የእሱ ቃል ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ብዙ ሆነ። ካቶሊኮች በገነትና በገሃነም መካከል ነፍስ የምትነጻበት ፑርጋቶሪ አለ ብለው በ1274 በልዮን፣ በ1439 ደግሞ በፍሎረንስ ጉባኤ አጸኑ። ፕሮቴስታንቶች በበኩላቸው ይህን አንቀበልም፤ ሰው በእምነት ይድናል፤ ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት አይጠቅምም አሉ። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ደግሞ ክፉዎች ይጠፋሉ እንጂ ለዘላለም እየተሠቃዩ አይኖሩም ይላሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የ553ቱን ጉባኤ ባትቀበልም ገሃነም ዘላለማዊ ነው ብላ ታስተምራለች። ፑርጋቶሪንም አትቀበልም፤ ይሁን እንጂ ፍትሐትና የ40 ቀን ተዝካር ነፍስን ይረዳል ትላለች። በጎንደር ከክርስቲያን ጋር ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሰው ይህን ተዝካር ያውቀዋል፤ በቤተ እስራኤልም ለሙታን ተዝካር ይደረግ ነበር።

የኦሪጌንስ ሥራ ሁሉ አልጠፋም። ዋናው መጽሐፉ በላቲን ትርጉም ተርፏል። በ1941 ከካይሮ አጠገብ ቱራ በሚባል ቦታ በፓፒረስ የተጻፉ ሥራዎቹ ተገኙ። በ2012 ደግሞ በጀርመን አገር በሙኒክ ቤተ መጻሕፍት 29 የመዝሙረ ዳዊት ስብከቶቹ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ ተለይተው ታወቁ። ከዚያ ከትልቁ ሄክሳፕላ ደግሞ አንድ ቁራጭ ብራና በካይሮ ምኩራብ ውስጥ፣ ያረጁ ጽሑፎች በሚቀመጡበት በጌኒዛው ተገኝቷል። በላዩ ላይ ሌላ ጸሐፊ በዕብራይስጥ ጽፎበታል። ብራና ውድ ስለነበረ ፍቀው መልሰው ይጽፉበት ነበርና። ጉባኤ ያወገዘውን ሰው ሥራ፣ ሳያውቁት ያቆዩለት አይሁድ ናቸው።